ጣሊያን ሲገባ ያልተወለዱት

አባቴ ሃምሳ ሦስት ዓመት ላይ አምስት ዓመት ቆየ። ጡረታ መውጫው ሃምሳ አምስት ነበርና ሃምሳ ሦስት ሲደርስ "እዚህስ ደህና ነው" ብሎ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመለው አሥራ ስምንት የሞላው ስለነበር፣ ቀበሌ በተጠራ ቁጥር ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ቁምጣ ለብሶ ይሄዳል። ናዝሬት ባለው ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ አንድ ዓመት የምጨምረው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሴት ልጅን ዕድሜ እናቷ አትረሳም፤ "ሃያ ስድስት ሞላሽ እኮ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?" ለማለት ያስፈልጋታል።

ይህን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። በኋላ የሠራሁትን ጉድ የሰማ ሰው ምን ነክቷት ነው እንዳይል ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ ናት እንግዲህ መርዝና እርጅና በሰው ነርቭ ላይ የሚያደርሱትን ለይተሽ አጥኚ የተባለችው።

በባዮሎጂ እንደተመረቅኩ የተመደብኩት እዚያው ናዝሬት፣ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ላቦራቶሪ ነው። ያሉን ዕቃዎች ከእጅ አይሻል ዶማ ነበሩ። የማይክሮስኮፑ አምፖል ስለተቃጠለ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየመለስን ነበር የምንሠራው፤ ደመና በሆነ ቀን ሳይንስ የለም። አለቃዬ ውጭ አገር ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ተምረው የመጡ ዶክተር ነበሩ። ሲመለሱ ትልቅ ተቋም ይጠብቀኛል ብለው ነበር፤ የጠበቃቸው እኔ፣ ማይክሮስኮፑና አንድ የኋላ ወንበር የሌለው ላንድሮቨር ነበርን። እንዲያም ሆኖ ተስፋ መቁረጥ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሻይ ሲጠጡ እንኳን ስኳሩን እያማሰሉ ስለ ነርቭ ነው የሚያወሩት።

አንድ ቀን ከበላይ አካል መመሪያ መጣ። በስምጥ ሸለቆ የመንግሥት እርሻዎች ላይ ለተባይ የሚረጨው መድኃኒት የሠራተኛውን ነርቭ ይጎዳ እንደሆነ አጥንታችሁ አቅርቡ ይላል። ደም ለመመርመር ኬሚካል ጠየቅን፤ ይመጣል ተባለ፤ እስከዛሬም አልመጣም። ዶክተሩ ለሁለት ቀን አኩርፈው ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን እየሳቁ ገቡ።

"ነርቭ ማለት ሽቦ ነው" አሉኝ። "ሽቦ ከተጎዳ ጫፉ ላይ ይታወቃል። የሰው ጫፉ ደግሞ ጣቱ ነው። ሂጂና መርፌና ክር ግዢ።"

ሁለት ካርቶን መርፌና ጥቁር ክር ገዛሁ። ባለሱቁ "ልብስ ስፌት ልትጀምሪ ነው?" ሲለኝ "አይ፣ የነርቭ ምርምር ነው" አልኩት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያየኝ አንገቱን ይነቀንቅልኝ ነበር። ምርመራው ይኸው ነው። ሰውየው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል መርፌ ላይ ክር ያስገባል። ከዚያ ሃያ የበቆሎ ፍሬ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው አንድ በአንድ ያዛውራል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እግሩ ይቆማል። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን የተዋስነው ከአንድ የስፖርት አስተማሪ ነው። አንድ ነገር ግን የግድ ነበር። እጅ በእርጅናም ይንቀጠቀጣልና የእያንዳንዱን ሰው ትክክለኛ ዕድሜ ካላወቅን የትኛው የመርዝ፣ የትኛው የዕድሜ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በሞጆ በኩል ቆቃን አልፈን መቂ አካባቢ ወዳለ አንድ የቲማቲምና የሽንኩርት እርሻ ሄድን። ዶክተሩ ቆቃ ላይ ዓሣ ካልበላን አሉ፤ በላን። መታወቂያ አንጠይቅም ተባብለናል፤ መታወቂያ ላይ ያለው የአባቴ ዓይነት ዕድሜ ነው። ዶክተሩ የተሻለ ዘዴ ነበራቸው። "ጣሊያን ሲገባ ምን ታደርግ ነበር?" ብለሽ ጠይቂ አሉኝ። ሰው ቁጥር ይረሳል እንጂ ጣሊያንን አይረሳም።

የመጀመሪያው ቀን ዘዴው ሸጋ ሆኖ ሠራ። አንዱ ከብት እጠብቅ ነበር አለ። ሌላው አባቴ ሲዘምት ስንቅ ተሸክሜ እስከ ወንዙ ሸኝቼዋለሁ አለ። አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ያየውን አውሮፕላን እየተነሣና እየተቀመጠ ሲተርክልን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እኔ ሆዬ እየደመርኩ እጽፋለሁ። ከምሳ በኋላ የእርሻው የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ መጣና "ጓዶች፣ ላግዛችሁ" እያለ አንገቱን አስግጎ የጻፍኩትን ማየት ጀመረ። ደብተሩን ዘጋሁበት፤ ግን የዕድሜውን ዝርዝር አይቶ ነበር።

በማግስቱ ጣሊያን ሲገባ የተወለደ ሰው ከዚያ እርሻ ጠፋ። አንድም አልቀረም። "አልተወለድኩም" ይላል አንዱ። "እኔም አልተወለድኩም" ይላል ተከታዩ። ሽበቱ ከአናቱ እስከ አገጩ የወረደ ሰው "አልተወለድኩም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ" አለኝ ዓይኔን እያየ። ያ የአውሮፕላኑ ሰውዬ ራሱ ተመልሶ መጣና ትናንት ያወራሁልሽ የታላቅ ወንድሜን ታሪክ ነው አለኝ። ወይ አበሳዬ አልኩ በልቤ፤ አባቴን ሃምሳ ጊዜ አባዝተው የላኩብኝ ነው የመሰለኝ።

ወጣቶቹ ደግሞ የባሱ ነበሩ። በአንድ እግር የምናስቆማቸው ለውትድርና ልንመለምላቸው ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ገና "ቁም" ሳልላቸው ይወድቃሉ። መርፌውን ሲይዙ እጃቸው የወባ ትኩሳት የያዘው ሰው እጅ ይሆናል። አንዱማ ሁለቱንም እግሩን መሬት ላይ አድርጎ እንደቆመ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ በተቃራኒው ጡረታ እንዳይመጣባቸው ጥርሳቸውን ነክሰው በአንድ እግር ይቆማሉ፤ "ይበቃዎታል" ስላቸው "የምን በቃኝ፣ ሌላኛውንም ልሞክር?" ይሉኛል። በዚያ ደብተር መሠረት የስምጥ ሸለቆ ሰው ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል።

የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂው የመጡት በዚሁ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነው። ፀጉራቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ፣ ጥርሳቸው በአካባቢው ውሃ ቡናማ ሆኖ ግማሹ የረገፈ ሰው ናቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ያንን መድኃኒት በበርሜል እየበጠበጡ ለረጪዎቹ ያከፋፈሉ እሳቸው ናቸው። ማማሰያ ዱላው ሲሰበር በክንዳቸው ያማስሉት እንደነበር ሲነግሩኝ ስለ እንጀራ ሊጥ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጉዳያቸውን ነገሩኝ።

"እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ለወረቀት ነው" አሉ። "እጄ አልታዘዝ ካለኝ ሰነበተ። ሥራ አስኪያጁ ከናዝሬት ወረቀት አምጣ ብሎኛል። ሕመሙ ከመድኃኒቱ ነው ካላችሁ ወደ ፓፓያው ማሳ ጥበቃ ያዛውረኛል። እርጅና ነው ካላችሁ ጡረታ። ጡረታ ከወጣሁ ደግሞ ቤቱን እለቃለሁ፤ ቤቱ የእርሻው ነው። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና አንደኛ ክፍል ናት።"

"እሺ ጋሼ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"አርባ አራት።"

የአባቴ ልጅ አይደለሁ፤ ፈገግ አልኩ። "ጣሊያን ሲገባስ ምን ያደርጉ ነበር?"

"አልተወለድኩም።"

"መቼም እናትዎ ናቸው የነገሩዎት።"

"አዎ" አሉ ገርሟቸው። "እንዴት አወቅሽ?"

ከት ብዬ እንዳልስቅ ደብተሩ ላይ አቀረቀርኩ። መርፌውን ሰጠኋቸው። ክሩን በምራቃቸው አርሰው አሾሉት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ደቂቃው ሲያልቅ አንድም አልገባም። የበቆሎው ፍሬ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ፤ ጎንበስ ብለው ሊለቅሙት ሲሉ ተዉት ጋሼ አልኳቸው፣ እሳቸው ግን አንድ ሳይቀር ለቀሙት። በአንድ እግር ለመቆም ጠረጴዛውን መያዝ ነበረባቸው። ሲጨርሱ እንደ ተማሪ "ስንት አገኘሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ውጤቱ በኋላ ይላካል አልኳቸው።

ናዝሬት ተመልሰን ደብተሩን ስንዘረጋው ዶክተሩ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። የወጣቶቹን ሙሉ በሙሉ ሰረዝነው። የቀሩትን ምን እናድርጋቸው ስል ዶክተሩ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉና መፍትሔውን አወጡ። በሁለተኛው ቀን የመጡት ሁሉ ዋሽተዋል፤ የዋሹትም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ያረጀ ፊት ባለው ሰው ሁሉ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ጨምሪ። "ፊታቸውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ፍርዱ ያንቺ ነው" አሉኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ አልችልም። ሕይወቴን ሙሉ ዕድሜ የሚቀንሱ ሰዎች መካከል ኖሬ በመጨረሻ እርሳስ ተሰጥቶኝ ጨምሪ ተባልኩ። የአውሮፕላኑን ሰውዬ እያፏጨሁ ነው የጨመርኩበት። የመጋዘኑ ጋሼ ጋ ስደርስ ሽበቱን፣ ጥርሱን፣ ጀርባውን አስታወስኩና ሳላመነታ ሃምሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀብኝ። ነጥቦቹን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ስናስቀምጣቸው ሁሉም ቀጥ ባለ መስመር ተሰለፉ። ዕድሜ ሲጨምር እጅ ይደክማል፤ መጽሐፉ እንደሚለው። ዶክተሩ ሻይ በቦምቦሊኖ ጋበዙኝ። የጋሼ ነጥብ መስመሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ለሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው የሚጠበቅ እጅ ነው ማለት ነው። ለእርሻው የሚሄደውን ደብዳቤ ራሴ በታይፕ መታሁት። "መንቀጥቀጡ ከዕድሜ መግፋት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተነዋል" ይላል። ማህተሙንም እኔ ነኝ ያሳረፍኩት፤ ጥሩ አድርጎ ወጣ።

አምስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ዘበኛው መጣና "ዕድሜ የምትጽፈዋ ልጅ ትጠራልኝ የሚሉ ሴትዮ በር ላይ አሉ" አለኝ። ወጣሁ። ከአዳሚ ቱሉ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከመናኸሪያው በጋሪ የመጡ የኦሮሞ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጥብቀው አገልድመዋል፤ ቁመታቸው እንደ በሩ መቃን ቀጥ ያለ ነው። "አካም ጅርቱ" አልኳቸው። "ነጋ" አሉና ሰላምታውን እዚያው ላይ ቆረጡት። እጃቸው ላይ የእኔ ደብዳቤ አለ።

ገብተው ተቀመጡ። ዶክተሩም ድምፅ ሰምተው ከወዲያኛው ክፍል መጡ።

"የመጋዘኑ ጠባቂ ልጄ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "ይሄን ወረቀት ለጎረቤት አስነበብኩት። ልጄ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ይላል። እውነት እንደዚህ ይላል?"

"ይላል" አልኩ።

"እሺ፣ እኔ ስልሳ ነኝ። ቢበዛ ስልሳ አንድ። በስንት ዓመቴ ነው የወለድኩት?"

 ይገርማችኋል፣ በዚያች ቅጽበት እንኳን ልማዴ አልለቀቀኝም፤ ምናልባት እሳቸውም ቀንሰው ይሆናል ብዬ በልቤ አሥራ አምስት ጨመርኩባቸው። ሰባ አምስት መጣ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል መጨማደድ የለም። ጥርሳቸው የቆላው ውሃ ያልነካው ነጭ የደጋ ጥርስ ነው፤ ከአርሲ ተራራ ነው ተድረው የወረዱት። ሰባ አምስት ሊሆኑ አይችሉም።

"በአሥራ አምስት ዓመቴ ዳሩኝ" አሉ፣ የማስበውን የሰሙ ይመስል። "ባሌ ጣሊያን መንገድ ሲያስጠርግ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ጣሊያን ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጄን የወለድኩት። መንገዱ አሁንም አለ፤ ዛሬ በሱ ላይ ነው የመጣሁት። ሂጂና ጠይቂ።"

ጠረጴዛው ላይ የመርፌው ካርቶን ተከፍቶ ነበር። አዩት። "ልጄን የጣለው ይሄ ነው?" አሉና አንዱን መርፌ አነሡ። ክሩን በጠሱ። ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ ማለት ይቻላል አስገቡት። ሁለተኛውን አነሡ፣ አስገቡ። ሦስተኛውን። መነጽር የለ፣ ምራቅ የለ፤ እየሠሩ ያወራሉ። "ሕፃን ሆኖ ከግመል እግር እሾህ የሚነቅልልኝ እሱ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ነበረው። አሁን ሻይ ሲጠጣ ሚስቱ ናት የምትይዝለት። አርባ አራት ዓመቱ ነው። እናንተ ደግሞ አረጀ ብላችሁ ጻፋችሁ። ቤቱን ልቀቅ ብለውታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሰጡት። አምስት ልጅ ይዞ እኔ ጎጆ ሊገባ ነው።"

 አፈርኩ። ያፈርኩት ስለተሳሳትኩ ብቻ አይደለም፤ እየተደሰትኩ ስለተሳሳትኩ ነው።

ዶክተሩ መጀመሪያ ትንሽ ተንፈራገጡ። የአንድ ሰው ስሕተት ጠቅላላ ውጤቱን አያበላሽም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ሴትዮዋ አራተኛውን መርፌ ሲያነሡ ተዉት። ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። የሰውየውን ጥርስ፣ መቼ መሸበት እንደ ጀመረ፣ ጀርባው ከመቼ ወዲህ እንደ ጎበጠ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። "መጋዘን ሲገባ ደህና ነበር" አሉ እናት። "እንዳንተ ቀጥ ያለ ነበር።" ዶክተሩን ሳይቀር አንተ ነበር የሚሏቸው፤ ዶክተሩም እንደ ልጅ አዎ እሜቴ እያሉ ይመልሱ ነበር።

ሴትዮዋን በጋሪ ወደ መናኸሪያ ከሸኘናቸው በኋላ ዶክተሩ ያንን ቀጥ ያለ መስመር ከግድግዳው ላይ ነቀሉት። "ምን እንዳደረግን ገባሽ?" አሉኝ። "ሰውየው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ፊቱን አይተን ፈረድን። ፊቱን ያስረጀው ደግሞ ልናጠናው የሄድነው ነገር ነው። ሌባውን ራሱን ምስክር አድርገን ጠራነው።" የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሃምሳ ውሸታም ላጋልጥ ብዬ አንድ እውነተኛ ሰው ከቤቱ አስወጣሁ። ከዚያ በኋላ በመርዝና በእርጅና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ትልልቅ ላቦራቶሪዎችም አይቻለሁ። ስለ ሙያዬ የማውቀውን ዋና ነገር የተማርኩት ግን ያን ቀን ጠዋት ነው።

አዲስ ደብዳቤ ጻፍን፤ በማግስቱ ራሳችን ይዘን ሄድን። ቆቃ ላይ ማንም ስለ ዓሣ አላነሣም።

ጓድ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አነበበ። "ባለፈው ወር እርጅና ነው አላችሁኝ። ዛሬ መርዝ ነው ትላላችሁ። በሚቀጥለው ወር እርግዝና ነው ብላችሁ ልትመጡ ነው?" አለ። ዶክተሩ ስሕተቱ የእኛ መሆኑን ተናገሩ። እኔም የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። አጠገቡ ቆሞ የነበረው የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ ጣራውን ማየት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ጊዜ ማህተሙን ሲመለከት ቆየና፣ "ማህተም ያስወጣውን ማህተም ይመልሰው እንግዲህ" ብሎ ወደ ፓፓያው ማሳ እንዲዛወሩ ፈረመ። ቤቱንም አትልቀቅ በሉት አለን።

ቤታቸው ስንደርስ ግማሹ ዕቃ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክፎ በር ላይ ተደርድሯል። ጋሼ ከግራሩ ሥር ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ከዘራ ይዘዋል፤ ስንመረምራቸው ከዘራ አልነበራቸውም። ዶክተሩ ደብዳቤውን አነበቡላቸው። ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ኖሮ አንዱን ጆንያ ሳይናገሩ እየጎተቱ መልሰው ማስገባት ጀመሩ። ጋሼ እጃቸው ይድን እንደሆነ ጠየቁ፤ ዶክተሩ ከበርሜሉ ከራቁ ትንሽ ሊሻላቸው ይችላል፣ ላይሻላቸውም ይችላል አሉ። እውነቱ ያ ነበር።

ይቅርታ የመጠየቁ ተራ የእኔ ነበር። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "ጋሼ፣ ዕድሜዎን ነገሩኝ፤ አላመንኩዎትም" አልኩ።

ሳቁ። "ጓደኞቼ ሠላሳ ስምንት በል ብለውኝ ነበር" አሉ። "እኔ ምርመራ ነው፣ ለሐኪም አይዋሽም አልኳቸው። ሠላሳ ስምንት ብል ስንት ታደርጊኝ ነበር?"

በልቤ ደመርኩ። ሃምሳ ሦስት። የአባቴ ዕድሜ፤ ጡረታ የማይደርስበት። ዋሽተው ቢሆን ኖሮ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው አልነበረም። መልሱን ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ሽማግሌዎቹ ጭኖቻቸውን እየመቱ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። 

"አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አሉ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸው እንደገና ፈታ አለ። "ወረቀትሽ ግን ክብርም አምጥቶልኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ ይነሡልኛል። ባለፈው እሑድ እዚህ ሰርግ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡኝና መርቅ አሉኝ። በአርባ አራት ዓመቴ ምርቃት የት አውቄ? የሚሉትን እየሰማሁ ለመድኩት። እንግዲህ ነገ ከሹመቴ መውረዴ ነው።" ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው አቀበሉ። "ከመውረዴ በፊት አንዴ ላንቺ ልመርቅሽ።"

የምር ይሁን ቀልድ ሳልለይ፣ እንደ ወጉ ከፊታቸው ጎንበስ አልኩ። ሁለት እጃቸውን ከራሴ በላይ ዘረጉ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን አቆሙ።

"ዕድሜ ይስጥሽ" አሉ።

"አሜን" አልን።

"የሰጠሽንም ማንም አይጨምርብሽ፤ ማንም አይቀንስብሽ።"

ዶክተሩ አሜን አሉ፤ የጋሼ ባለቤትም ከቤት ውስጥ አሜን አሉ። እኔ ምርቃቱ ካለቀም በኋላ እንዳጎነበስኩ ቆየሁ፤ ቀና ካልኩ እጆቻቸው እየተንቀጠቀጡ እንደተዘረጉ አያለሁ ብዬ ፈራሁ።